በአካለ መጠን ደጃፍ ላይ ስለሚጠየቅ ፓስፖርት

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ልጆች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በአባቶቻችን ልማድ አንድ ልጅ ለሰው ወግ በቃ የሚባለው የተወለደበት ቀን ተቈጥሮ ሳይሆን ሥራው ታይቶ ነበር፤ ወንዱ ዕርፍ ጨብጦ ጥማዱን ሲነዳ፣ ሴቲቱ ጓዳዋን ይዛ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ወይም ሁለቱም በቍርባን ወይም በሰማንያ ጎጆ ሲወጡ፣ አገሬው ሁሉ በዐይኑ አይቶ ያውቀው ነበርና ለዚህ ነገር የጽሑፍ ምስክር የሚሻ አልነበረም። ዘመናዊው ሕግ ግን ይህን የዐይን ምስክርነት ትቶ ቀን ይቈጥራል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ እንዲሁም አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች 18 ዓመት የሞላውን ሰው ለአካለ መጠን እንደ ደረሰ ይቈጥሩታል፤ በዋዜማው ስለ እርሱ ይናገሩ የነበሩት አባቱና እናቱ ሲሆኑ፣ በማግሥቱ ሕግ የሚጠይቀው እርሱን ብቻ ነው።

ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ጕዳይ ይህ የመናገር ሥልጣን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሻገርበትን ዘመን፣ ይኸውም ከ16ኛው እስከ 19ኛው ዓመት ያለውን ጊዜ የሚመለከት ነው፤ ነገሩንም በፓስፖርት በኩል እንድናየው እወዳለሁ። ፓስፖርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመንገድን ነገር፣ የበዓል ጕዞን፣ አያት ጥየቃን ነው። ሆኖም በዚህ አገር የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በዚያ ዕድሜው ፓስፖርት ሲጠይቅ የሚመረመረው የሚሄድበት ስፍራ ሳይሆን ማንነቱ ነው፤ ማን እንደ ወለደው፣ መቼ እንደ ተወለደ፣ የየት አገር ዜጋ እንደ ሆነና ዜግነቱንም በማን በኩል እንዳገኘው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ከዚህም በላይ በእነዚሁ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሕጎች፣ አንደኛው የአሜሪካ ሁለተኛው የኢትዮጵያ፣ ማንንም ሳያስጠነቅቁ የወሰኑት ቀን ሲደርስ በራቸውን ይዘጋሉ። ወላጆች ከጊዜው ቀድመው ወረቀቱንና እውነቱን ለልጆቻቸው ባለማዘጋጀታቸው ብቻ በወጣቶች ላይ የሚደርሰው ጕዳት ኅሊናዬን ስለሚያስጨንቀው፣ ነገሩን በዝርዝር እንድናገር ግድ ሆነብኝ።

ልጅ ለብቻው ፓስፖርት መያዙ ራሱ ጥንታዊ ሥርዐት አይደለም። ዛሬ የምናውቀው የፓስፖርት ደብተር መልኩን ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1920 በመንግሥታት ማኅበር ጥሪ ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ባለ 32 ገጽ እንዲሆን ካሳሰበ ወዲህ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለረዥም ዘመን ሕፃናት በአባታቸው ወይም በእናታቸው ፓስፖርት ውስጥ ስማቸው እየተጻፈ ድንበር ይሻገሩ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፓስፖርት ይኑረው የሚለው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እየጸና ሲሄድ ግን ሕፃኑም በገዛ ስሙና በገዛ ፎቶግራፉ የሚታወቅ ሆነ።

የአሜሪካው ደንብ እንዲህ ነው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅ ሁለቱም ወላጆች ከልጁ ጋር በአካል ቀርበው መፍቀድ አለባቸው፤ አንዳቸው መቅረብ ባይችሉ በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት የፈረሙትን የፈቃድ ወረቀት ይልካሉ፤ የሚሰጠውም ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ማመልከቻው የራሱ ይሆናል፣ ፓስፖርቱም ለ10 ዓመት ይሰጠዋል፤ ከወላጆቹ የሚፈለገውም የሁለቱ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ ከሁለቱ አንዳቸው ነገሩን ማወቃቸው ብቻ ነው፤ ይህም አብረውት በመቅረብ፣ ወይም የተፈረመ ደብዳቤ ከመታወቂያቸው ቅጅ ጋር በመስጠት ይገለጻል። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ወላጅ ፈጽሞ አይጠየቅም። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ከ16 ዓመት በፊት የወጣ ፓስፖርት በፖስታ አይታደስም። በ14 ዓመቱ የወጣለት ፓስፖርት በ19 ዓመቱ ያለቀበት ወጣት፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ቢሆንም እንኳ፣ እንደ አዲስ አመልካች ዲ ኤስ 11 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ፊርማውን ግን ሳያኖርበት፣ ማመልከቻ ወደሚቀበል ፖስታ ቤት፣ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአካል መሄድ አለበት፤ በዚያም በተቀባዩ ሠራተኛ ፊት የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ምሎ ይፈርማል። ክፍያው ይህ ንግግር በተዘጋጀበት ጊዜ 130 ዶላር ለፓስፖርቱ፣ 35 ዶላር ለተቀባዩ መሥሪያ ቤት ነው። ለምስክርነት የሚቀርቡት ዋና ወረቀቶች ከማመልከቻው ጋር ይላካሉ፤ ሲመለሱም ከፓስፖርቱ ተለይተው በሌላ ፖስታ ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ፓስፖርቱ ደርሶ እነርሱ ቢዘገዩ መደንገጥ አያስፈልግም።

በ16 እና በ18 ዓመት መካከል ያሉትን ሁለት ዓመታት እኔ እንደ ታላቅ ጸጋ እቈጥራቸዋለሁ፤ ልጁ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ሳለ ወላጁ ገና ከአጠገቡ አልራቀምና። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ቅጹን እናንተ አትሙሉለት። ቅጹ የአባትንና የእናትን ስም፣ እያንዳንዳቸው የተወለዱበትን ቀንና ስፍራ፣ ዜግነታቸውንም ይጠይቃልና፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ያደገ ልጅ እናቱ የተወለደችው አዲስ አበባ ሳይሆን ደብረ ብርሃን መሆኑን፣ አባቱም በዕድሜ ከእናቱ በስንት እንደሚበልጥ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት «አምጣው፣ እኔ ልጻፈው» ብሎ ወረቀቱን መውሰድ ለወላጅ ይቀልለዋል፤ ነገር ግን መሐላው የልጁ ነው፣ ያላወቀውንና ያልመረመረውን ነገር እውነት ነው ብሎ እንዲምል ማድረግ ደግሞ አይገባም። ልጁ ኢትዮጵያ የተወለደ ከሆነም፣ በአሜሪካ ፓስፖርቱ ላይ የትውልድ ስፍራ በሚለው መስመር የሚሰፍረው የአገሪቱ ስም ብቻ ነው፤ ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ ክርስትና የተነሣበትን ደብር ሊነግሩት የሚችሉት ወላጆቹ ናቸው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የልደት ቀን ነው። በአዋጅ ቍጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያ ተወልደው ዛሬ ለአካለ መጠን ከሚደርሱት ልጆች ብዙዎቹ ሲወለዱ በመዝገብ አልሰፈሩም፤ የልደት ወረቀታቸው የወጣው ከዓመታት በኋላ፣ ጕዞ ሲታሰብ፣ በወላጅ ቃል ነው። እናት ደግሞ ቀኑን የምታስታውሰው በበዓሉ፣ ዓመቱን በወንጌላዊው ነው። አንድ ልጅ በዘመነ ዮሐንስ በኅዳር ሚካኤል፣ ማለት ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ እንበል፤ ይህ ቀን በፈረንጆች ኖቬምበር 22 ቀን 2007 ነው። ይህንኑ ቀን አንድ ጸሐፊ ወደ ፈረንጆች ሳይመልሰው 12/3/2000 ብሎ ቢያሰፍረው፣ አሜሪካዊው ወርን ከቀን ያስቀድማልና ዲሴምበር 3 ቀን 2000 ብሎ ያነበዋል፤ ሕፃኑም በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ያህል ይጨመርበታል። በዚህ ወረቀት ከሄድን ለአካለ መጠን የሚደርሰው በፈረንጆች 2018 መጨረሻ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ይህም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍለው ስለ ዜግነት ስናገር ይታያል። በጳጕሜን የተወለዱትም ችግር አለባቸው፤ የፈረንጆች ቅጽ 13ኛ ወር አያውቅምና ጸሐፊው እንደ መሰለው ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም ይጎትታቸዋል። በስደት መጠለያ የተመዘገቡ ብዙዎች ደግሞ ቀናቸው ስላልታወቀ ጃኑዋሪ 1 ተብለው ቀርተዋል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ልጁ ራሱ በሚምልበት ዕድሜ ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ማረም የወላጅ ግዴታ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ምስክር የሚሆኑት ሰዎች፣ አዋላጂቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ የንስሐ አባታቸው፣ በሕይወትና በአቅራቢያ የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ ደብሩ የሚሰጠው የጥምቀት ምስክር ወረቀት የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቈጥሮ ለማግኘት ይረዳል፤ ይህን ወረቀት ከሣጥን ሥር ጥላችሁት ከሆነ አውጡት፤ ትርጕሙንም በሚገባ አሠርታችሁ ከዋናው ጋር አኑሩት። ለትምህርት ቤት ወይም ለጕዞ ተብሎ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ወይም የተጨመረ ዕድሜም ካለ፣ ልጁ ከባለሥልጣን አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።

የስምም ነገር እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከተጸውዖ ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው አስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በጥንቱ ልማድ ጸንቶ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ ይኖራል። እዚህ አገር ቅጹ የመጨረሻ ስም ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሰጣል፤ ከዚህ የተነሣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማች በሁለት የተለያየ ስም ይመዘገባሉ፤ እናትም በገዛ አባቷ ስም ስለምትጠራ የገዛ ልጇ እናት መሆኗን በወረቀት እንድታስረዳ ትገደዳለች። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ እግዚአብሔር፣ ወልደ ገብርኤል የተባለ ደግሞ ስሙ በሁለት ቃል ሲጻፍ ከሁለት ይከፈልና፣ ኃይለ የራሱ ስም፣ ማርያም የመካከል ስም ሆኖ ይቀራል፤ ይህ የስም መቈረጥ ለጆሮም ለመንፈስም ያሳዝናል። በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ልጁ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ለ10 ዓመት የሚይዘው ፓስፖርት ላይ የሚሰፍረው ስም በትምህርቱም፣ በሥራውም፣ በትዳሩም ሊከተለው ነውና፣ አጻጻፉ በልደት ወረቀቱ፣ በግሪን ካርዱና በትምህርት ቤት መዝገቡ አንድ መሆኑን አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በፈረንጆች ኦክቶበር 30 ቀን 2000 ተፈርሞ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ የሕፃናት ዜግነት ሕግ፣ በውጭ አገር የተወለደ ልጅ ቢያንስ ከወላጆቹ አንዱ የአሜሪካ ዜጋ ሲሆን፣ ልጁም 18 ዓመት ሳይሞላው በቋሚ ነዋሪነት ገብቶ ከዚያው ወላጅ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነቱ ሥር በአሜሪካ የሚኖር ከሆነ፣ ያለ ማመልከቻና ያለ መሐላ በሕግ ኃይል ዜጋ ያደርገዋል። ከዚህ በፊት በአብዛኛው የሁለቱም ወላጆች ዜግነት ይፈለግ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ነገሮች ሁሉ 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት በአንድነት መገኘት አለባቸው፤ በወላጁ በኩል የሚቈጠረውም ያመለከተበት ቀን ሳይሆን መሐላ የፈጸመበት ቀን ነው። አባት ዛሬ ቢምልና ልጁ ትናንት 18 ዓመት ሞልቶት ከሆነ፣ በዚያች አንዲት ሌሊት ምክንያት ዜግነቱ ለልጁ አይደርሰውም። ቀደም ሲል የጠቀስሁት በኅዳር ሚካኤል የተወለደው ልጅም አባቱ በፈረንጆች 2020 አጋማሽ ቢምል፣ በእውነት የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ በወረቀቱ 19 ዓመት ሞልቶታልና ዜግነቱን ለማስረዳት ብርቱ ችግር ይገጥመዋል።

ሒሳቡን አብረን እናድርገው። ወላጅ በተለመደው መንገድ ለዜግነት የሚበቃው ግሪን ካርድ ከያዘ 5 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ማመልከቻውን ግን 90 ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ይችላል። ቤተ ሰቡ በዲቪ ሲገባ ልጁ ገና 12 ዓመት ሞልቶት ቢሆን፣ ወላጁ በሚበቃበት ቀን ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ለጣት አሻራው፣ ለፈተናውና ለመሐላው የቀረው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ማመንታት አይቻልም። ልጁ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ የገባ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይደርስለትምና፣ 18 ዓመት ሲሞላውና የራሱም 5 ዓመት ሲፈጸም ለብቻው እንዲያመለክት ከወዲሁ ይነገረው።

ብዙ ወላጆች የሚዘገዩት ከስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአገርን ዜግነት በመሐላ መተው በነፍስ ላይ ከባድ ነው፤ «እኔ ኢትዮጵያዊ ሆኜ ልሙት» የሚል አባት በእኔ ዘንድ ክቡር ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ ይህ ውሳኔ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለልጁም እየወሰነ መሆኑን ዐውቆ፣ ልጁ 17 ዓመት ሳይሞላው ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ይምከርበት። ከሁለቱ አንዳቸው መማላቸው ይበቃልና፣ አንዱ በአቋሙ ጸንቶ ሌላው ስለ ልጁ መማል ይቻላል።

በሕግ ኃይል የሚገኘው ይህ ዜግነት ወረቀት ይዞ አይመጣም። ወላጅ በማለበት ዕለት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለወላጁ ብቻ ነው፤ ልጁ ግሪን ካርዱን እንደ ያዘ ይቀራል፤ ዜጋ መሆኑንም ሳያውቅ 18 ዓመት ሞልቶት ሥራ ሲጠይቅ ቋሚ ነዋሪ ነኝ ብሎ ይሞላል፤ ወይም እንደ ባዕድ ለዜግነት ሊያመለክት ገንዘቡን ያወጣል። ፓስፖርት በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ኤን 600 በተባለው ማመልከቻ የሚገኘው የዜግነት ምስክር ወረቀት ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ዘመኑ ያላለፈ ሙሉ ፓስፖርት ዜግነትን በማስረዳት ከዚያ ምስክር ወረቀት ጋር እኩል ኃይል እንዲኖረው አድርጓል። ልጁ የልደት ወረቀቱን ከትርጕሙ ጋር፣ ግሪን ካርዱን፣ የወላጁን የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ የወላጆቹንም የጋብቻ ወረቀት፣ ተፋትተው ከሆነም አሳዳጊነቱን የወሰነውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይቀርባል። በእኔ አስተያየት አስቀድሞ ፓስፖርቱን ማውጣት፣ አቅም ሲገኝ ግን የማያልቀውን ምስክር ወረቀት መጨመር ተገቢ ነው፤ የወላጅ ወረቀት የሚጠፋበት፣ ወላጅም የማይኖርበት ቀን ይመጣልና።

ሁለተኛው በር የኢትዮጵያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱ ወይም አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 33ም ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንዳይገፈፍ ይከለክላል። ስለዚህ ወላጆቿ ገና ኢትዮጵያውያን ሳሉ በዋሽንግተን የተወለደች ልጅ፣ በአሜሪካ ምድር በመወለዷ አሜሪካዊት፣ በደሟ ኢትዮጵያዊት ናት። ነገር ግን ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን የዜግነት ሕግ የተካው አዋጅ ቍጥር 378/1996 በአንቀጽ 20፣ በውጭ አገር በመወለድ ወይም ከባዕድ ዜጋ ወላጅ በመወለድ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ለመንግሥት ካላስታወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ኢትዮጵያ ተወልዶ ከላይ እንዳልሁት በወላጁ በኩል ያለ ጥያቄው አሜሪካዊ የሆነው ልጅም በዚያው አንቀጽ ሥር ይወድቃል፤ በአዲሱ ዜግነት መብቶች መጠቀም ከጀመረ የቀድሞውን እንደ ተወ ይታያል፤ ፓስፖርት መጠየቅም በእኔ አስተያየት ከእነዚሁ መብቶች አንዱ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሕጉ አንድ ዜግነት ብቻ መፍቀዱ አይደለም፤ አገር እንዲህ ያለውን ሥርዐት በራሷ ምክንያት ልታወጣ ትችላለች። የሚያሳዝነኝ ዝምታን እንደ ፈቃድ መቍጠሩ ነው። ልጅቱ ኢትዮጵያዊት መሆኗን በወረቀት ነግሯት የሚያውቅ ሰው ሳይኖር፣ 19 ዓመት በሞላት ማግሥት በፈቃድሽ ትተሻል ትባላለች፤ ምርጫ እንዳለ ያልሰማ ሰው መረጠ ማለት ከአንቀጽ 33 መንፈስ ጋር አይስማማም እላለሁ። አብዛኞቹ ልጆቻችን ነገሩን ቢያውቁም የሚኖሩበትን አገር ዜግነት ይዘው እንደሚቀሩ እገምታለሁ፤ በዚህም አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ዐውቀው ይሁን። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ የማኅበረ ሰብ ማእከሎች፣ ኤምባሲውም ጭምር፣ 18 ዓመት ለሚሞላቸው ወጣቶች ይህን ሕግ በሚገባቸው ቋንቋ እየጻፉ ቢሰጧቸው ታላቅ በጎ ሥራ ይሆናል።

ጊዜው ላለፈበት ወጣት የቀረው ይህ ነው። በአዋጅ ቍጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን ማውጣት ይችላል፤ በዚህም ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጕዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። ዜግነቱን ራሱን መልሶ ሊያገኝ ከወደደም አዋጅ 378 በአንቀጽ 22 መንገዱን አልዘጋበትም፤ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ ሲመልስ፣ የያዘውን የሌላ አገር ዜግነት ሲተውና ለመንግሥት ሲያመለክት ይመለስለታል። በ18ኛው ዓመት ሌላውን ዜግነት ትቶ በማስታወቅ ሊጠብቀው ይችል የነበረውን፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ቤቱን ነቅሎ በመሄድ ነው ማለት ነው።